ጥግ ያጣ ታክሲ፦ ከጅማ መርካቶ እስከ ዋናው ግቢ

ዛሬ የምገመግመው ከጅማ መርካቶ ወደ ዩኒቨርሲቲው ዋናው ግቢ የሚመላለሰውን ታክሲና ባጃጅ ነው። ጠዋት በዚህ መስመር ወርጄ ሱቄን እከፍታለሁ፤ ማታ በዚሁ መስመር ወደ ጅሬን እመለሳለሁ። ቀኑን ሙሉ ደግሞ ኮፒ ማሽኔ አጠገብ ቆሜ መንገዱን ሳይ እውላለሁ። ደንበኞቼ ተማሪዎች፣ የሆስፒታል ሠራተኞችና ማመልከቻ የሚያስጽፉ የገጠር ሰዎች ናቸው። አብዛኞቹ የሚመጡት በታክሲ ነው። ታክሲው ከቆመ የኔም ሥራ ይቆማል።

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጥ። አገልግሎቱን የሚሰጡት ሰዎች ጎበዞች ናቸው። አገልግሎቱ ግን ደካማ ነው። ያደከመው ሾፌሩ አይደለም፣ ረዳቱም አይደለም። ያደከመው የመንገዱን ዳር ይዞ የሚውለው የቆመ መኪና ነው።

ከደጉ ልጀምር። የጅማ ረዳት ሰው ያውቃል። አዛውንት ሲመጡ ጎረምሳውን ከፊት ወንበር ያስነሳል። ዕቃ የበዛበት ሰው ሲሳፈር ወርዶ ያግዛል። ኦሮምኛና አማርኛ እያቀያየረ ይጣራል፤ እንግዳም ቢሆን ግራ አይገባውም። ሳንቲም የጎደላትን ተማሪ አውርዶ አይሄድም፤ «ነገ ትሰጪኛለሽ» ብሎ ያልፋታል። ይሄን ደጋግሜ አይቻለሁ። አንዳንዴ ትርፍ ይጭናሉ፣ አንዳንዴም ሙዚቃው ይበዛል። ቢሆንም ረዳቱን አንዴ «ቀንስልን» ካሉት ይቀንሳል።

ባጃጆቹም ቢሆኑ ውለታቸው ብዙ ነው። ከተማችን ዝናብ አይለየውም። ዝናብ ሲጥል ወደ ጅሬን ያለውን ዳገት በእግር መውጣት ከባድ ነው። ሚኒባስ በማይገባበት ኮረኮንች ሁሉ ባጃጁ ይገባል። በጋራ ሲጭን ዋጋው ለብዙ ሰው ይቻላል። ኮንትራት ግን ነዳጅ በጨመረ ቁጥር እየራቀ ነው። እኔ ኮንትራት የምይዘው የወረቀት ካርቶን ሲኖረኝ ብቻ ነው። እሱንም ተከራክሬ ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ። ርቀቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። እሑድ ጠዋት የጀመርነውን ወሬ ሳንጨርስ እንደርሳለን። በሥራ ቀን ጠዋት፣ ተማሪውም ሠራተኛውም በአንድ ጊዜ ሲወጣ፣ ያው መንገድ አልገፋ ይላል። ሐሙስ፣ የገበያው ቀን፣ ጭራሽ የሚነገር አይደለም። ከየወረዳው የመጣ ሰው፣ እህል የጫነ አይሱዙ፣ ጋሪ፣ ሞተር ሳይክል፣ ሁሉም እዚያው ነው።

እንግዲህ መንገዱን በቅርበት እንየው። በሱቄ በኩል ባለው አቅጣጫ ሁለት መኪና ጎን ለጎን ይሄድበታል። ግን የቀኙ ረድፍ ከጠዋት እስከ ማታ በቆሙ መኪኖች የተያዘ ነው። የቀረው አንድ ረድፍ ነው። ሚኒባሱ ሰው ሊያወርድ ሲል የቀረውንም ረድፍ ይዘጋዋል። ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል። እሱ ሲነሳ ቀጣዩ ሚኒባስ እዚያው ቦታ ላይ ይቆማል። እንዲህ ሆኖ ይዋላል።

ባለፈው ክረምት ያየሁትን ልንገራችሁ። ዝናቡ አባርቷል፤ ቱቦው ግን ሞልቶ ውሃው አስፋልቱ ላይ ይሄዳል። አንድ ሚኒባስ ከሱቄ ትይዩ ሲደርስ «ወራጅ አለ!» ተባለ። ሾፌሩ ወደ ቀኝ አየ። ነጭ ፒካፕ፣ ከፒካፑ ቀጥሎ ቪትዝ፣ ከቪትዙ ቀጥሎ ዕቃ የሚያራግፍ አይሱዙ። ጥግ የሚይዝበት ቦታ የለም። መሐል መንገድ ላይ ቆመ። መጀመሪያ የወረደችው ልጅ ያዘለች ሴት ናት። በእጇ ዘንቢል ይዛለች። ረዳቱ «እቱ፣ ቀስ በይ፣ ባጃጅ አለ!» ብሎ በክንዱ ከለላት። ባጃጁ በሚኒባሱና በቆሙት መኪኖች መካከል ሊሾልክ እየመጣ ነበር። ፍሬን ያዘ። ጎማው እርጥቡ አስፋልት ላይ ተንሸራቶ ከጉልበቷ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። እሷ ድምፅ እንኳ አላወጣችም። በፒካፑና በቪትዙ መካከል ልትወጣ ስትል ዘንቢሉ አላሳልፍ አላት። ከፍ አድርጋ ያዘችው። በጎኗ ዞራ፣ የልጁ እግር የፒካፑን ጭቃ እየጠረገ፣ እንደምንም አለፈች። ከኋላ ክላክሱ ይጮሃል። ረዳቱ ገና ሁለት አዛውንት እያወረደ ነው፤ አንዱ ምርኩዝ ይዘዋል።

ይሄ አገልግሎት ነው ወይ? ለነዚያ አዛውንት መውረጃ ማለት የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ነው። ረዳቱ የሚችለውን ሁሉ አድርጓል። ጠርዙን ግን ሌላ ሰው ይዞታል።

ያዡ ማን ነው ቢባል፣ እኔ አብዛኞቹን መኪኖች ከነባለቤቶቻቸው አውቃቸዋለሁ። የኛው የነጋዴዎቹ ናቸው። ጠዋት ሱቅ ሲከፈት ይቆማሉ፤ ማታ ሲዘጋ ይነሳሉ። ነጩ ፒካፕ የጎረቤቴ የሐጂ ነው። ሐጂ ደግ ሰው ናቸው። ከዕለታት አንድ ቀን ሻይ ይዘን ተጨዋወትን።

«ሐጂ፣ መኪናዎን ከኋላ መንገድ ቢያቆሙትስ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እንዲያ ከሆነማ ሁሉም ይነሳ ሊባል ነው። ደንበኛ የት ያቁም?»

«ደንበኛ መች ቦታ አግኝቶ ያውቃል? እርስዎና እኛ ሞልተነው እንውላለን።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «እሱስ እውነትሽን ነው» አሉኝ። ፒካፑ ዛሬም እዚያው ነው። አልፈርድባቸውም። ሌላው ሳያነሳ እሳቸው ብቻቸውን ቢያነሱ ቦታውን ሌላ መኪና ይይዘዋል። ለዚህ ነው ደንብ የሚያስፈልገው።

የነጋዴው ፍርሃት ይገባኛል፤ እኔም ነጋዴ ነኝ። «መኪና ማቆሚያ ከጠፋ ገበያ ይሞታል» ይባላል። ግን እስቲ ቦታውን እናስላው። አንድ መኪና የሚቆምበት ቦታ ወደ 2 ሜትር ተኩል ስፋትና ከ5 እስከ 6 ሜትር ርዝመት ነው። ሚኒባስ ገብቶ ቢቆምበት 12 ሰው ያወርዳል። ለማውረድና ለመጫን 2 ደቂቃ ቢፈጅበት፣ በሰዓት 30 ሚኒባስ ያስተናግዳል። 360 ሰው ማለት ነው። ሐጂ ፒካፑን ጠዋት ሲያቆሙት ግን በዚያ ቦታ የወረደው ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እስከ ማታ። የትኛው ነው ገበያ የሚያመጣው?

ይሄ የኔ የሱቅ ሒሳብ ነው። ባለሙያዎቹም ተመሳሳይ ነገር ይላሉ። የአሜሪካ ከተሞች የትራንስፖርት ኃላፊዎች ማኅበር ባወጣው መመሪያ፣ የግል መኪኖች የሚበዙበት አንድ የመንገድ ረድፍ በሰዓት ከ600 እስከ 1,600 ሰው ያሳልፋል። ያው ረድፍ ለአውቶቡስ ብቻ ቢተው ከ4,000 እስከ 8,000 ሰው ያሳልፋል። ስፋቱ አንድ ነው፣ አስፋልቱም አንድ ነው። መኪና ተደርድሮ የቆመበት ረድፍ ደግሞ ማንንም አያሳልፍም።

«ይሄ ለሀብታም አገር ነው» የሚል ይኖራል። አይደለም። ሌጎስ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2008 ወደ 22 ኪሎ ሜትር የሚሆን የአውቶቡስ መስመር ስትከፍት ሆን ብላ በርካሽ ነው የሠራችው። አብዛኛውን በኮንክሪት ጠርዝ ለየች፤ አንዳንዱን በቀለም ብቻ፤ ቦታ በጠበበበት አውቶቡሱ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ እንዲሄድ ተወችው። በኮሎምቢያ ቦጎታ ከንቲባው ኤንሪኬ ፔኛሎሳ መኪኖችን ከእግረኛ መንገድ ላይ ሲያስነሳ ተቃውሞው ከባድ ነበር። ትራንስሚሌኒዮ የሚባለው የአውቶቡስ መስመር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2000 ሥራ ሲጀምር ግን ዓለም ሊያየው መጣ። ዳሬሰላምም እ.ኤ.አ. በግንቦት 2016 ከኪማራ ወደ መሐል ከተማ ወደ 21 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መስመር ከፍታለች። እዚያ በኋላ አውቶቡሱ አንሶ ሰው ይጨናነቃል የሚል ቅሬታ በዝቷል። ይሄም መታወቅ አለበት። መስመር ብቻውን አያጓጉዝም፤ በመስመሩ ላይ የሚመጣ መኪና ያስፈልጋል።

ወደ አዲስ አበባ ዕቃ ለማምጣት ስሄድ፣ ለብዙኃን ትራንስፖርት በተለየው ረድፍ ላይ በአውቶቡስ ሄጄ አውቃለሁ። ከ1935 ዓ.ም. ጀምሮ ከተማዋን ያገለገለው አንበሳ አውቶቡስ እንደዚያ ሲሄድ ማየት ደስ ይላል። ከጎን የግል መኪናው ቆሟል፤ እኛ እናልፋለን። አንድ ትራፊክ ቆሞ በሚያይበት ቦታ ረድፉ ይከበራል። ትራፊክ በሌለበት ግን አንዱ ዘው ይላል፣ ሌላው ይከተለዋል፣ ቀለሙ ትርጉም ያጣል። በቀለም ብቻ የሚመጣ ነገር እንደሌለ እዚያ አየሁ።

ጅማ አዲስ አበባ አይደለችም። ትልቅ አውቶቡስ በየደቂቃው አይመጣልንም። ስለዚህ የምጠይቀው ትልቅ ግንባታ አይደለም። የምጠይቀው በዋናው መንገድ፣ በመርካቶ በኩል ባለው በተጨናነቀው ክፍል ብቻ፣ የቀኙ ረድፍ ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ማታ ደግሞ ከ10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ተኩል ለታክሲና ለባጃጅ እንዲተው ነው። በነዚያ ሰዓታት ማንም አያቁም። ቀን ላይ ዕቃ የሚያራግፈው ያራግፍ፣ ደንበኛም ለአጭር ጊዜ ያቁም። ሐሙስ ግን ቀኑን ሙሉ ለታክሲ ይሁን። የታመመ ሰው ለማውረድ ወይም አካል ጉዳተኛ ለማሳፈር የቆመን መኪና ማንም አይንካው።

የኮሪደር ልማት በደረሰባቸው መንገዶች እግረኛው ሰፊ መሄጃ አግኝቷል። ምሽት ላይ ልጆቻቸውን ይዘው የሚንሸራሸሩትን ሳይ ከልቤ ደስ ይለኛል። ከተማው ለእግረኛ ይሄን ያህል ከሰጠ፣ ለታክሲ ተሳፋሪ አንድ መውረጃ መስጠት አያቅተውም። ከታክሲ የወረደ ሰው እኮ ወዲያው እግረኛ ነው።

«ታዲያ መኪናው የት ይሂድ?» ይሄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ረጋ ብለን እንመልሰው። በዋናው መንገድ ላይ የተሠሩትን ፎቆች እዩ። ምድር ቤታቸው ለመኪና ማቆሚያ ተብሎ የተሠራ ነበር። አሁን ብዙው መጋዘን ሆኗል፣ አንዳንዱም ተሸንሽኖ ሱቅ ሆኗል። የመኪናው ቦታ በኪራይ ተሸጠና መኪናው መንገድ ላይ ወጣ። ሕንፃው ያተረፈውን ተሳፋሪው በጉልበቱ ይከፍለዋል። ምድር ቤቱ ወደ ሥራው ቢመለስ የኛ የነጋዴዎቹ መኪና አብዛኛው ይገባል። የቀረው ውስጥ ለውስጥ ባሉት መንገዶች ይቁም። ሁለት ሦስት መቶ ሜትር በእግር መምጣት ነው። ተማሪ ቦርሳ ተሸክሞ ከዚያ የበለጠ ይሄዳል።

የማያስተኛኝ ነገር ግን አለ። ካርኒ እየቆረጡ የመኪና ማቆሚያ የሚያስከፍሉት ልጆች። ተደራጅተው እንጀራቸውን ከዚያ ነው የሚያገኙት። ዝናብ ላይ ቆመው ይውላሉ። አንዱ ልጅ ከኔ ሱቅ ጃንጥላ ያስቀምጣል፤ በዚያ ገንዘብ የማታ ትምህርት እንደሚከፍል ነግሮኛል። ረድፉ ለታክሲ ሲሰጥ እነዚህን ልጆች «ሂዱ» ማለት ግፍ ነው። ወደ ውስጥ መንገዶቹና ወደ ምድር ቤቶቹ አብረው ይዛወሩ። ክፍያው እዚያም ይኖራል፤ ዝናቡ ግን አይኖርም። በታክሲው ረድፍ ላይም ሰው የሚያሰልፍና ረድፉን የሚያስከብር ያስፈልጋል። ተራ አስከባሪነትን ከነሱ የተሻለ የሚያውቀው የለም። ይሄ አብሮ ካልታሰበ እኔ ራሴ እቃወመዋለሁ።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪናም አንድ ነገር ልበል። ነዳጅ የሚጠቀም የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪኩ በኛም ከተማ እየታየ ነው። ጭስ የለውም፣ ድምፅ የለውም፣ ጥሩ ነው። የሚይዘው ቦታ ግን ያው ነው። በሱቄ ፊት ከቆመ፣ ሴትየዋ ዘንቢሏን የምታሳልፍበት ክፍተት በስንዝር እንኳ አይሰፋም።

ነጥብ እንስጥ። ለረዳቶችና ለሾፌሮች ጠባይ ከ5 አምስት እሰጣለሁ። ለጋራ ባጃጅ ዋጋ አራት፤ ለኮንትራት ሁለት። ለፍጥነት፣ እሑድ አምስት፣ በሥራ ቀን ሁለት፣ ሐሙስ አንድ። ለመሳፈሪያና ለመውረጃ ቦታ ዜሮ እሰጥ ነበር፤ ነገር ግን ዋናው ግቢ በር ላይ መኪና የማይቆምበት ሰፋ ያለ ቦታ አለና፣ እዚያ ታክሲው ጥግ ይዞ በሥርዓት ያወርዳል። ስለዚህ አንድ። ያው ሾፌር፣ ያው ረዳት፣ ያው መኪና ነው በሁለቱም ጫፍ ያለው። ልዩነቱን ያመጣው የጥጉ መከፈት ነው። በዚያ በር ላይ ማንም ሲጋፋ አላየሁም። አዛውንቱም ምርኩዛቸውን መጀመሪያ መሬት አስነክተው፣ በቀስታ ይወርዳሉ።

እስከዚያው በዚህ መስመር ለምትጠቀሙ የምመክረው ይሄን ነው። ሐሙስ መርካቶ ውስጥ ቆማችሁ ታክሲ አትጠብቁ። ከገበያው ወጣ ብላችሁ፣ የቆመ መኪና በሌለበት በኩል ያዙ፤ ታክሲው እዚያ ሲደርስ ጥግ ይይዝላችኋል። ልጅ ያዘለ ወይም ዕቃ የያዘ ሰው በግራ በኩል አይውረድ። ሕመምተኛ ወደ ሆስፒታል የምትወስዱ ከሆነ በጠዋቱ ግርግር ሚኒባስ አትጠብቁ፤ ከሰፈራችሁ ባጃጅ ይዛችሁ በውስጥ መንገድ ሂዱ። ከወረዳ መጥታችሁ ማመልከቻ የምታስጽፉ ደግሞ ከ1 ሰዓት ተኩል በፊት ድረሱ። በዚያን ሰዓት ነጋዴው መኪናውን ገና አላመጣም፣ የቀኙ ረድፍ ባዶ ነው። ሱቄም ክፍት ነው።